ከኮፈን ሥር፦ የኮምፕሬሰሩ ጉልበት የት ሄደ?

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች መልካቸው ተለውጧል። ቀድሞ «የትኛውን ልግዛ?» ይለኝ የነበረው አንባቢ አሁን «ያለኝን እንዴት ላበርታው?» ይለኛል። ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሁለቱ ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፤ መርሴዲስ «ኮምፕሬሰር» የሚለው) ካላቸው ሰዎች የመጡ ናቸው፤ ሦስተኛው እንዲኖረው ከሚመኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በፈረንጆች 2003 የተሠራ መርሴዲስ ሲ 200 ኮምፕሬሰር ከአጎቴ ገዝቻለሁ። መጽሐፉ 163 የፈረስ ጉልበት አለው ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ ፓሳት 1.8 ቱርቦ ይነዳል። ከለገሃር ተነሥተን በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስንወጣ ሁልጊዜ ጥሎኝ ይሄዳል። ሦስት መካኒኮች አማከርኩ። አንደኛው «ሱፐርቻርጀሩ ላይ አነስ ያለ ፑሌጃ፣ ማለትም የቺንጊያ መዘውር፣ እንግጠምለት» አለ። ሁለተኛው «ቺፕ» የሚባል ነገር ሊሸጥልኝ ፈለገ። ሦስተኛው ኮምፕሬሽን ለክቶ «9 ባር ብቻ ነው ያለው፤ ሞተሩ አልቋል፤ መፍረስ አለበት» አለኝ። ያጠራቀምኩት 80 ሺህ ብር ነው። የቱን ልስማ? (ዳ.፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልጄ፣ ከሦስተኛው ልጀምር፤ ብርህን በሙሉ ሊውጥ የተዘጋጀው እሱ ነውና። ሞተርህን አታስፈርስ።

የኮምፕሬሽን መለኪያ የሚነግርህ ፒስተኑ የተቀበለውን አየር ምን ያህል እንደጨመቀው ነው። የሚገባው አየር ሲሳሳ ንባቡም አብሮ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ 12 ባር የተጻፈለት ጤነኛ ሞተር ተክለ ሃይማኖት ያለው ጋራዤ ውስጥ ሲለካ 9 ባር አካባቢ ያሳያል። መጽሐፉን የጻፈው ጀርመናዊ የእኛን ከፍታ አስቦ አልጻፈውም። አንተ ማየት ያለብህ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን ነው። 9፣ 9.2፣ 8.9፣ 9.1 ከሆኑ ሰላም ነህ። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 6 ላይ ከቀረ ያን ጊዜ ና፣ ስለ መፍታት እንነጋገራለን።

ያው የአየር መሳሳት የፓሳቱንም ነገር ይፈታዋል። የአንተ ሱፐርቻርጀር የሚዞረው በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ነው፤ ሞተሩ ስንት ሲዞር እሱ ስንት እንደሚዞር በፑሌጃዎቹ ስፋት ተወስኗል። በየዙሩ የሚቀዳው አንድ ጣሳ ነው፤ ጣሳው ውስጥ ያለው ወተት ውኃ ከበዛበት ቀጂው ምን ያድርግ? የጓደኛህ ቱርቦ ግን በጭስ ማውጫው ግፊት የሚዞር ስለሆነ ከሞተሩ ጋር በልክ የታሰረ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ኮምፒውተሩ የጭስ ማለፊያውን ዘጋ አድርጎ ቱርቦውን በፍጥነት ያዞረዋል፤ የጎደለውን ከሞላ ጎደል ያሟላል። ስለዚህ የአንተ 163 እዚህ 125 ገደማ ሆኖ ሲቀር የእሱ 150 ብዙም አይነካም። ጓደኛህ የተሻለ ነጂ ሆኖ አይደለም፤ ይህን ልትነግረው ትችላለህ።

እንግዲህ ከፍታው የወሰደብህ ይህ ነው። ግን ከደብዳቤህ እንደምረዳው መኪናህ 125ቱንም የያዘ አይመስለኝም፤ ሃያ ዓመት ያለፈው ኮምፕሬሰር በየቀዳዳው የሚያፈሰው ነገር አያጣም። ገንዘብህን መጀመሪያ የምታውለው እዚህ ላይ ነው።

ከሱፐርቻርጀሩ ወጥቶ በኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር በሚያቀዘቅዘው ራዲያተር) አልፎ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር የሚሄድባቸው የጎማ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ። መኪናው ቆሞ ስታያቸው ደኅና ይመስላሉ፤ ግፊት ሲመጣ ግን አፋቸውን ይከፍታሉ። በዓይን አትመን፣ የጭስ መፈተሻ ያለው ጋራዥ ፈልግና ጭስ አስነፋባቸው፤ ጭሱ የሚወጣበትን ቦታ ራስህ ቆመህ እይ። በዚህ ሞተር ላይ በተለይ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ትነት የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ደርቀው ይፈረካከሳሉ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ የሚያደርሱት ጉዳት ብዙ። ቀጥሎ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር አለ። ለእሱ ተብሎ በተሠራ ርጭት ብቻ ይጸዳል፤ በቤንዚንና በጨርቅ የሚያጸዳ ሰው ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። በዘይት የሚታሹት «የስፖርት» ፊልትሮዎችም ይህንኑ ሴንሰር በዘይት ይለብጡታል። ተራውን የወረቀት ፊልትሮ ግዛ፤ በዚህ የቁፋሮ አቧራ ዘመን መመሪያው ከሚለው ቀድመህ ቀይረው።

ቺንጊያውንና የሚወጥረውን ክንድ አትርሳ። ኩሽኔታው ያረጀ መወጠሪያ ቀስ ብለህ ስትነዳ ምንም አይልም። ሽቅብ ስትረግጥ ግን ቺንጊያው ይንሸራተታል፤ ሱፐርቻርጀሩ መዞር በሚገባው ልክ አይዞርም። ካንዴላዎቹ ደግሞ ፋብሪካው ባዘዘው ዓይነትና ክፍተት ይሁኑ፤ አየር በሚጨመቅለት ሞተር ላይ ክፍተቱ ሲሰፋ ብልጭታው በግፊቱ ይጠፋል። ሶማሌ ተራ ስትሄድ ያገለገለ ኢንተርኩለር ወይም የፊልትሮ ቤት ብትገዛ አልቃወምህም። ያገለገለ ቺንጊያ፣ ያገለገለ መወጠሪያና ያገለገለ የጎማ ቱቦ ግን በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል።

የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም ካቴናው (ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ የሚያዞረው ሰንሰለት) ነው፤ ከጊዜ ብዛት ይረዝማል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ስታስነሣው ለጥቂት ሰከንድ የብረት መንኳኳት ከሰማህ ጉልበት መጨመሩን እርሳውና ካቴናውን አስመርምር። ከዚሁ ጋር በሞተሩ ግንባር በኩል ያሉትን የካምሻፍት ማግኔቶች ሶኬት ነቅለህ እይ። ዘይት ካለበት ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ ወደ ሌሎች ሴንሰሮች ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የዳሽቦርዱን የማስጠንቀቂያ መብራት እንጂ ምክንያቱን አያሳይህም።

«ቺፑን» በአንድ አንቀጽ ልጨርሰው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ እየተባለ የሚሸጠው በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለ ሬዚስተር ነው። የሚገባው አየር ከእውነተኛው የቀዘቀዘ ነው ብሎ ኮምፒውተሩን ይዋሸዋል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። የምታገኘው የቤንዚን ሽታና የጠቆረ ካንዴላ ነው። በማደያ ሰልፍ ቆመህ የቀዳኸውን ቤንዚን በማርሚታ ማፍሰስ ከፈለግህ ግዛው።

ፑሌጃው ግን ቁም ነገር አለው፤ አንደኛውን መካኒክህን አክብሬዋለሁ። ሆኖም ስሌቱን ነግሮህ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የሱፐርቻርጀሩን ፑሌጃ በ10 በመቶ ብታሳንሰው ሱፐርቻርጀሩ 11 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይዞራል። አዲስ አበባ የወሰደችብህን በሙሉ ለማስመለስ ግን ፍጥነቱን በሲሶ ያህል መጨመር ይኖርብሃል። ያን ያህል ቺንጊያውም፣ ኩሽኔታዎቹም፣ ሱፐርቻርጀሩም አይችሉም፤ ሞተሩ 6,000 ሲዞር እሱ ቀድሞውንም በሁለት እጥፍ አካባቢ እየዞረ ነው። ከዚያ በላይ አየሩን መጨመቁ ቀርቶ ማሞቅ ይጀምራል።

ስለዚህ የእኔ ልክ 10 በመቶ ነው፤ ምክንያቱም ሁሌ ቸርችል ጎዳና ላይ አትኖርም። እዚህ ከተማ ውስጥ ከፋብሪካው ልክ አሁን የምታገኘው 76 በመቶ ያህሉን ነው፤ በአዲሱ ፑሌጃ 84 ይሆናል። ከተማ ውስጥ ሞተርህን የሚጎዳው ነገር የለም፤ የሳሳው አየር ራሱ ጠባቂው ነው። አሁን በፈጣን መንገዱ አዳማ ደርሰህ፣ አልፈህ ወደ አዋሽ ውረድ። አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ያው ፑሌጃ ፋብሪካው ለባሕር ጠለል ካሰበው ልክ ጋር እኩል ያደርስሃል። ከዚያም አልፈህ ጅቡቲ ብትወርድ ከፋብሪካው 11 በመቶ በላይ እየነፋህ ነው፤ ያውም በዚያ ሙቀት፣ መርጠህ ባልቀዳኸው ቤንዚን። ሞተሩ መንኳኳት (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው መፈንዳት) የሚጀምረው እዚያ ነው። 15 በመቶ ያነሰ ፑሌጃ የሚገጥምልህ ሰው ይህን ችግር አዋሽ ድረስ አምጥቶልሃል ማለት ነው። ዘመድህ ድሬዳዋ ካለና በየበዓሉ የምትወርድ ከሆነ ከ10 በመቶ ዝንፍ እንዳትል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፑሌጃውን ማንኛውም ቶርኖ ቤት አይቀርጸውም። በደቂቃ ከ12,000 ዙር በላይ ለሚዞር ነገር የፀጉር ያህል መዛባት ኩሽኔታ ይበላል፣ ቀጥሎም ሮተሮቹን ያፋጫል። ለዚሁ ሞተር ተብሎ የተሠራ ካልተገኘ ይቅር። ሁለተኛው፣ በዚህ መርሴዲስ ላይ ትርፍ አየሩን መልሶ የሚያዞረውን በር የሚቆጣጠረው ኮምፒውተሩ ነው። ፑሌጃውን ብቻ ቀይረህ ኮምፒውተሩን እንደነበረ ከተውከው ከጨመርከው ላይ ከፊሉን ራሱ ያስተነፍሰዋል። የኮምፒውተሩን ፕሮግራም የሚያስተካክል ሰው ስትፈልግ ሦስት ነገር ጠይቀው፦ የቀድሞውን ፋይል በእጅህ ይሰጥሃል? ሥራው ካለቀ በኋላ ሽቅብ እየነዳችሁ የሚገባውን አየር ሙቀትና የማቀጣጠያውን መዘግየት መዝግቦ ያሳይሃል? ፋይሉን ከኢንተርኔት ነው ያወረደው ወይስ በዚህ መኪና ላይ ነው የሚሠራው? ለአውሮፓ ቤንዚን የተጻፈ ፋይል አምጥቶ የሚጭንብህን ሰው ጉልበት ጨመረልህ አትበለው። ፋይሉ ማቀጣጠያውን ያስቀድማል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ሴንሰሩ ይሰማና መልሶ ያዘገየዋል፤ ያው ወደነበርክበት።

ሙቀቱን ካነሣን አይቀር፣ ነጻ የሆነውን ጉልበት ውሰድ። የሚገባው አየር በየ10 ዲግሪው ሲሞቅ 3 በመቶ ያህል ይሳሳል። የፊት መከላከያውን አስፈትተህ ኢንተርኩለሩን ከውጭ ከጭቃና ከነፍሳት አጽዳ፤ ከውስጥ የተጠራቀመውን ዘይት አስወጣ። ሥራው የግማሽ ቀን ነው። በስልክ የሚሠራ ርካሽ የኮምፒውተር ማንበቢያ ገዝተህ ከማጽዳትህ በፊትና በኋላ ያንኑ ዳገት እየወጣህ የአየሩን ሙቀት አወዳድር። ከዳሽቦርዱ መርፌ ይልቅ እውነቱን የሚነግርህ እሱ ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፦ ጭስ ፍተሻ፣ ቱቦዎች፣ ቺንጊያና መወጠሪያ፣ ካንዴላና ፊልትሮ፣ ኢንተርኩለር። ከዚያ አንድ ወር ንዳው። ሳትረግጠው ፍሬኑ የሚይዝ ጎማ አለመኖሩንም አረጋግጥ፤ ከመንገድ ስትመለስ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ጉልበትህን እየበላ ያለው እሱ ነው። ብር ከተረፈህና አሁንም ካልረካህ ወደ ፑሌጃና ወደ ፕሮግራም ሂድ። የዕቃ ዋጋ አልጽፍልህም፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጻፍኩት ዋጋ መጽሔቱ እስኪታተም ያረጃል። ከመጀመሪያው ዙር ሥራ በኋላ ከ80 ሺህህ የሚተርፍህ ይመስለኛል፤ ሁለቱንም ዙር ግን ይችላል ብዬ አልዋሽህም። አንድ ሌላ ነገር፦ ይህ 1.8 ሞተር በ143፣ በ163ና በ192 የፈረስ ጉልበት ተሠርቷል። «ያው ሞተር ነው፣ በፕሮግራም ብቻ 192 አደርግልሃለሁ» የሚልህን አትመን፤ ውስጣቸው ሁሉ አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ በፈረንጆች 2005 የተሠራች ሚኒ ኩፐር ኤስ አለችኝ፤ እህቴ ከውጭ ስትመለስ ያመጣቻት ናት። ከ170 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። ወንድሜ 15 በመቶ ያነሰ ፑሌጃ ከውጭ አዝዞልኛል፣ ለልደቴ መሆኑ ነው። ከሰሞኑ ግን ሞተሩ ሥራ ፈት ሲዞር ከሱፐርቻርጀሩ በኩል የጠጠር ድምፅ ይሰማኛል። ይገጠም ወይስ ይቆይ? (ሰ.፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ ወንድምዎን አመስግኑልኝ፤ ስጦታው ግን መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።

በእርስዎ መኪና ላይ ያለው የኢተን ኤም 45 ሱፐርቻርጀር ከሞተሩ ዘይት ጋር የማይገናኝ የራሱ ዘይት አለው፤ ከፊትም ከኋላም በሚገኙ ሁለት ትንንሽ ጥርስ ቤቶች ውስጥ። ፋብሪካው «ዕድሜ ልክ ይበቃል» ብሎት አለፈ። የማን ዕድሜ እንደሆነ አልተናገረም። 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሄዱት ሲፈቱ በተለይ የኋላው ደርቆ ይገኛል። ጉዳዩን ከድምፅ በላይ የሚያደርገው ደግሞ የዚህች መኪና የውኃ ፓምፕ የሚዞረው ከሱፐርቻርጀሩ ኋላ በሚወጣ ጥርስ መሆኑ ነው። ያ ጥርስ ከተበላ ሱፐርቻርጀሩ እየዞረ፣ ቺንጊያው ደኅና ሆኖ ሳለ ውኃው መዘዋወሩን ያቆማል። ሙቀቱ ሲወጣ ሰው ራዲያተር ይቀይራል፣ ቴርሞስታት ይቀይራል፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ የመኪናዋ ግንባር ይከፈት፣ ሱፐርቻርጀሩ ይውረድ፣ ለሱፐርቻርጀር ተብሎ የተሠራው ዘይት በሁለቱም በኩል ይሞላ። የካምቢዮ ዘይት ያው ነው የሚል ካለ አይስሙት። የውኃ ፓምፑም በዚያው ይቀየር፤ ለሁለት ሥራ ሁለት ጊዜ መፍታት ለጋራዡ እንጂ ለእርስዎ አይጠቅምም። ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ ደኅና ሆነው ከተገኙ፣ ዕቃው ከወረደ አይቀር ፑሌጃውን መግጠም ይቻላል። የፋብሪካው ፑሌጃ በግፊት የገባ ስለሆነ ልዩ መንቀያ ይፈልጋል፤ በመዶሻና በሽብልቅ የሚያወጣ ሰው ዘንጉን ያጣምምብዎታል። በሚኒ ላይ ትርፍ አየሩን የሚያዞረው ቫልቭ በሞተሩ አየር መሳብ የሚሠራ እንጂ ኮምፒውተር የሚያዝዘው ስላልሆነ ከመርሴዲሱ በተለየ ያለ ፕሮግራምም ለውጡ ይሰማዎታል። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ የሚነዱ ከሆነ 15 በመቶም አያስፈራኝም። ቆላ ከመውረድዎ በፊት ግን ለዳ. የጻፍኩትን ያንብቡ።

ድምፁን እየሰሙ እስከዚያው ብዙ አይንዷት፤ የሙቀት መርፌው ከመሐል ካለፈ ደግሞ ወዲያውኑ ያቁሟት።

ጥያቄ፦ 1.0 ሞተር ያለው ቪትዝ አለኝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ሞተሩ ያቃስታል። ያገለገለ ሱፐርቻርጀር ከመርሴዲስ ነቅዬ ብገጥምበትስ? (ያልተጻፈ ስም፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ይቅርብህ። ማያያዣው፣ የቺንጊያው መስመር፣ የነዳጅ መርጫው፣ ኮምፒውተሩ፣ ፍሬኑ፣ አንዱም አይገጥምም፤ ሁሉንም ለማስገጠም የምታወጣው ብር ከቪትዟ ጋር ሲደመር 1.3 ይገዛልሃል። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለምትሆን እዚህ መሐል ከተማ ካለህም ላይ ሌላ ጉልበት ይቀንስብሃል፤ ማቃሰቷ ከሕመም አይደለም። ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ቀይር፣ የጎማውን ንፋስ ሙላ፣ ዳገቱ ሳይጀምር ወደ ሁለተኛ ማርሽ አውርድና ሞተሩ 4,000 ላይ እንዲዞር ፍቀድለት። አውቶማቲክ ከሆነች ደግሞ ማርሹን ዝቅተኛው ላይ አድርገህ ውጣ፤ የአየር ማቀዝቀዣውንም ዝጋው፣ እንጦጦ ላይ ምን ያደርግልሃል?